በእህቴ ውክልና ላይ የጨመርኳት መስመር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለልጄም፣ ለመጋቢያችንም፣ ሠላሳ ዓመት አጥር ለተጋራኋት ጎረቤቴም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ኑዛዜ የሚቀበል የንስሐ አባት የለም። ኃጢአትሽን በቀጥታ ለእግዚአብሔር ንገሪ እንባላለን። ነግሬዋለሁ። እርሱ ግን ከእኔ ቀድሞ ያውቀው ነበር። ለሚያውቅ መናገር ምን ይከብዳል? የሚከብደው ለማያውቅ መናገር ነው። ስለዚህ ለእናንተ እጽፋለሁ፤ ለማላውቃችሁና ለማታውቁኝ።

በእህቴ ውክልና የእህቴን ቤት ወሰድኩ። ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል፤ እሱን ቦታው ሲደርስ እናገረዋለሁ። አሁን ከጀመርኩት ያዞረኛል።

እህቴ ዘነበች ትባል ነበር። እኔ እትዬ ነበር የምላት። በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እሷ ገበያ ተቀምጣ ቆጮና ቅቤ እየሸጠች አሥራ ሁለተኛ ክፍል አስጨረሰችኝ። እሷ ራሷ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ትልቅ ሰው ሆና ነው። እኔ የጽሕፈት መኪና ተምሬ መንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆንኩ። አገባሁ፣ አንዲት ልጅ ወለድኩ፣ ባሌ ሞተ። የእሷም ባል ሞተ። ልጅ አልነበራቸውም፤ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለውን ቤት ትቶላት ሄደ። እኔ የራሴ ቤት ኖሮኝ አያውቅም። በሀዋሳ ስኖር ያረጀሁት በሰው ግቢ፣ በሰው በር ነው። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ፍርድ ቤት አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ፣ ኮምፒውተር አስገብቼ፣ ለባለጉዳይ ማመልከቻ፣ ክስና ውል እጽፍ ነበር። ሰው ከፊቴ ይቀመጥና ሆዱ ያለውን ይነግረኛል፤ እኔ ወደ ወረቀት አገባዋለሁ። ወንድም ወንድሙን ይከሳል። ልጅ እናቱን ይከሳል። «አምኜው» የሚለውን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደምጽፈው ብነግራችሁ አታምኑኝም። አምኜው ቁልፍ ሰጠሁት። አምኛት ፈረምኩ። አምኛቸው ከሰው ሳልመክር ቀረሁ። ይህን ስጽፍ ውዬ ስወጣ፣ መንገድ ላይ የማየው ሰው ሁሉ ክሱን ይዞ የሚሄድ ይመስለኝ ጀመር። ጎረቤት ለጎረቤቱ አጥር ሲያጥርለት ካየሁ፣ ከዓመት በኋላ «በይዞታው ላይ ግንባታ አካሂጄ» ብሎ ሲያስጽፈኝ ይታየኝ ነበር። ይህን ጥንቃቄ ብዬ እጠራው ነበር። ሰዎችም «አልማዝ ነገር አዋቂ ናት» ይሉኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር።

እትዬ ስልሳ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ዓይኗን ሞራ ጋረደው። ከሁሉ ይልቅ የጎዳት መጽሐፍ ቅዱሷን ማንበብ አለመቻሏ ነው። ያኔ ነው አቶ ማቴዎስ መምጣት የጀመሩት። በጸሎት ቤት የምናውቃቸው ጡረተኛ አናጢ ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እየመጡ በረንዳው ላይ ተቀምጠው በሲዳሙ አፎ ያነቡላታል። ቋንቋው የአባቶቼ ነው፤ ነገር ግን በአማርኛ ተምሬ፣ በአማርኛ ሠርቼ ስላረጀሁ ሲፈጥን አልደርስበትም። አንብበው ሲጨርሱ ይጫወታሉ፣ ይሳሳቃሉ። እኔ ስደርስ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። ለእኔ ብለው ነበር፤ ሌላ ምን ይሆናል? እኔ ግን ቁጭ ስል፣ ምን ሲሉ ደረስኩ? እል ነበር በሆዴ።

አንዳንድ ቀን ዓሣ ይዘው ይመጣሉ።

«ዘነበች፣ የዛሬው አጥንቱ ተለቅሟል፤ ዓይን አያስፈልገውም፣ ጥርስ ብቻ ይበቃዋል» ይላሉ።

«ጥርሱስ አለ ብሎ ማን ነገረዎት?»

«እኔ እንጃ፣ ከሩቅ ስትስቂ አይቼ ነው።»

እህቴ እንደ ልጃገረድ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም ነበር። ሌላ እህት ብትሆን ምን ታስባለች? ደስ ይላታል። እኔ፣ ይህ ሰው ቤቱን ፈልጎ ነው አልኩ። በአፌ አንቱ እላቸዋለሁ፤ በልቤ «አንተ» ነበር የምላቸው።

አንድ ቀን ግቢው ስገባ ተንበርክከው ግድግዳውን በሜትር ሲለኩ አገኘኋቸው።

«ምን እየለኩ ነው አቶ ማቴዎስ?»

«ግድግዳው ካምናው ሸሽቶ እንደሆነ እያየሁ ነዋ» አሉ ሳቅ ብለው። ሌላ ምንም አላሉኝም። ከሳምንት በኋላ ከበሩ ጀምሮ እስከ መጸዳጃ ቤቱ ድረስ ግድግዳው ላይ የእንጨት መደገፊያ ተሠርቶ አየሁ፤ ዓይኗ የማያይ ሰው እየዳሰሰች እንድትሄድበት። እጄን አስኬድኩበት። እንጨቱ ልስልስ ብሏል፤ እሾህ እንዳይወጋት በደንብ ተልጓል። እኔ ያየሁት ሚስማሩን ነው። በሰው ግድግዳ ላይ ሚስማር የመታ ሰው ነገ ምን እንደሚያስጽፍ አውቃለሁ አልኩ።

አንደኛው ዓይኗ ላይ ሌላም በሽታ ተገኘና እትዬ ለሕክምና አዲስ አበባ መሄድ ግድ ሆነባት። ወራት ይፈጃል ተባለ። እሷ እስክትመለስ ግብሯን የሚከፍል፣ የሰርቪስ ቤቱን ተከራዮች የሚያነጋግር፣ ማዘጋጃ ቤት ከጠራ የሚቀርብ ሰው ያስፈልጋታል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ፤ ሌላ ሰው ለአፍታም አላሰበችም።

«አንቺው ጻፊው» አለችኝ።

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ቤቴን ጠብቂልኝ በይ። ሌላ ምን ይባላል?»

ቤቴን ጠብቂልኝ። እህቴ የሰጠችኝ ሥልጣን ይህ ብቻ ነበር።

ኮምፒውተሬ ውስጥ ሁለት የውክልና ጽሑፍ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ ነበር። አንዱ ለአንድ ጉዳይ የሚሰጥ ነው፤ ሌላው ሙሉ ውክልና የምንለው ነው። ስሙንና አድራሻውን መለወጥ ብቻ ነው የሚቀረው። መጀመሪያ ትንሹን ከፈትኩ። የእህቴን ስም ጻፍኩበት። ከዚያ ዘጋሁትና ትልቁን ከፈትኩ። ትልቁም ቢሆን በስጦታ ማስተላለፍ የሚል አልነበረበትም። እሱ ተለይቶ ካልተጻፈ እንደማይሠራ በሙያዬ አውቃለሁ፤ የሚፈልግ ሰው አፍ አውጥቶ «ይግባልኝ» ይላል። እትዬ አላለችም። እኔ አስገባሁት። «ቤቱን በስጦታ ለሦስተኛ ወገን ለማስተላለፍ።» አንዲት መስመር ናት። ያስገባኋት «ግብር ለመክፈል» ከሚለውና «ውኃና መብራት ለማስገባት» ከሚለው መካከል ነው። ሲነበብ ሰው መጀመሪያውንና መጨረሻውን ይሰማል፤ መሐሉ ያልፈዋል። ይህን ያስተማረኝ ሥራዬ ነው። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ስጽፍ እጄ ተንቀጠቀጠ ብዬ ብነግራችሁ ትንሽ ታዝኑልኝ ነበር። አልተንቀጠቀጠም።

ውልና ማስረጃ የተቀመጠው ወጣት ምንም ጥፋት የለበትም። ከላይ እስከ ታች፣ ሳያፈጥን አነበበላት። ከዚያ «እማማ፣ የተነበበልዎት ገብቶዎታል?» አላት።

«ልጄ፣ የጻፈችው እኮ እህቴ ናት። ያሳደግኳት ናት። የእሷ ጽሑፍ ካልገባኝ የማን ሊገባኝ ነው?»

ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳቀ። ወጣቱም ሳቀ፤ ግን አላለፋትም። «አይ እማማ፣ እህትዎ አይመልሱልኝም። ገብቶኛል ይበሉኝ።»

«ገብቶኛል።»

መፈርም ትችል ነበር፤ ግን መስመሩ አይታያትም። ስለዚህ አሻራ ይሁን ተባለ። አውራ ጣቷን ይዤ ወደ ቀለሙ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ከቀለሙ አንስቼ ወረቀቱ ላይ ያሳረፍኩትም እኔ ነኝ። ስንወጣ ጣቷን በመሐረቤ ጠረግኩላት። «ተባረኪ» አለችኝ።

አዲስ አበባ ሦስተኛ ወሯን ስትይዝ ስልክ ደወለች።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፤ አትሳቂብኝ።»

«ምንድን ነው?»

«ማቴዎስ ጠየቀኝ።»

«ምን ጠየቀሽ?»

«ምን ይጠይቃል ታዲያ በዚህ ዕድሜ፣ መንገድ? ልናገባ ነው። ስመለስ ለሽማግሌዎች እንናገራለን።» ድምጿ የኮረዳ ድምፅ ነበር።

«እግዚአብሔር ይባርከው» አልኳት። በዚያው ሳምንት ውክልናውን ይዤ ሄድኩ። ቤቱን በእሷ ስም ፈርሜ ለልጄ ለቤተልሔም በስጦታ ሰጠሁ። ካርታው በቤቲ ስም ዞረ።

ቤቲ ያኔ ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበረች። ስጦታውን ለመቀበል መፈረም ስላለባት ጠርቼ «አክስትሽ ቤቱን ለአንቺ አድርጋዋለች» አልኳት። አለቀሰች። «በስልክ እንዳታነሺባት፤ የባሏ ዘመዶች ከሰሙ ነገር ይመጣል። ስትመለስ በአካል ታመሰግኛታለሽ» አልኳት። አመነችኝ። እናቷ ነኝ፣ ለምን አታምነኝም?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማረም አለብኝ። ታሪኩን ለራሴ ስነግረው የኖርኩት ከላይ እንደጻፍኩት አድርጌ ነው፤ መጀመሪያ ሜትሩን አየሁ፣ ሚስማሩን አየሁ፣ ተጠራጠርኩ፣ ከዚያ መስመሩን ጨመርኩ። እንዲህ ሲሆን ቤቱን ልጠብቅ ብዬ የሠራሁት ይመስላል። ቅደም ተከተሉ ግን እንደዚያ አልነበረም። አቶ ማቴዎስን ሜትር ይዘው ያገኘኋቸው እትዬ አዲስ አበባ ከሄደች በኋላ ነው። መደገፊያውን የሠሩት ዓይኗ ታሽጎ ስትመለስ እንድትይዘው ብለው ነው። ያኔ መስመሯ ከተጻፈች ሳምንታት አልፈዋት ነበር። ውክልናውን ስጽፍ በእጄ የነበረው ማስረጃ ዓሣና ሳቅ ብቻ ነው። ታዲያ ምን ነበር? ጥርጣሬ ነበር ወይስ ቅናት? እሷ ቤትም ሳቅም ኖሯት፣ እኔ ደግሞ ምንም? ጥርጣሬውን ኋላ ፈልጌ ያመጣሁት ይመስለኛል፤ ባለጉዳይ ከክሱ በኋላ ምስክር እንደሚፈልገው።

እትዬ ዓይኗ ድኖ ተመለሰች። መንገድ ላይ የባጃጅ ታርጋ እያነበበች ትስቃለች። የመጣች ሰሞን እሑድ ምሳ ቤቷ ተሰበሰብን፤ እኔ፣ ቤቲ፣ አቶ ማቴዎስ፣ ሁለት ጎረቤቶች። ቤቲ ከመቀመጧ በፊት ወደ አክስቷ ሄዳ ጉልበቷን ሳመች።

«አክስቴ፣ ስለ ቤቱ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ምን እንደምልሽ አላውቅም።»

«የምን ቤት?»

ቤቲ ወደ እኔ ዞረች። እትዬም ዞረች። ከሁለት ዓመት በኋላ ፊቴን አጥርታ ያየችኝ ያኔ ነው። አሁን ሁለተኛው ላይ ደረስን።

«እትዬ፣ ረሳሽው እንዴ?» አልኳት። ከአፌ የወጣው ሳላስበው ነው፤ ግን ለስልሶ ወጣ። «በስልክ አይደል የነገርሽኝ? ‹ለቤቲ ይሁን፣ ቶሎ ጨርሽው› አላልሽኝም?»

«እኔ?»

«አንቺ ነሻ! ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ማግስት።»

አንደኛዋ ጎረቤት፣ ነገር ለማብረድ ብላ፣ «ማደንዘዣው ነው፤ ማደንዘዣ ያስረሳል ይላሉ። የወንድሜ ሚስት ልጇን ስሟን ጠይቃታለች» አለች። ሌላዋ ሳቀች። እህቴ አልሳቀችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ታያቸው ነበር።

«ብያለሁ?»

«ብለሻል።»

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ ብያለሁ» አለች። ከዚያ ቤቲን ወደ ራሷ ስባ ግንባሯን ሳመቻት።

አቶ ማቴዎስ እኔን እያዩ ነበር። አላየሁም ብዬ ሳህን አነሳሁ።

እዚያ ላይ ቢበቃኝ ምናለ? በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌዎች ከጸሎት ቤታችን ወደ ክፍሌ መጡ። ጋብቻውን ከማስታወቃቸው በፊት ሊጠይቁኝ ነው። «የእህት ዘነበች አእምሮ እንዴት ነው? እንዳንሳሳት፤ ቃል ኪዳን ነው» አሉኝ። ደግ ሰዎች ነበሩ። አንዷን እውነት ብናገር ሁሉም ይቃና ነበር። እኔ ምን አልኩ? ምድጃ ለኩሳ ትረሳለች አልኩ። አንዳንድ ቀን በሟች እናታችን ስም ትጠራኛለች አልኩ። አንዱም አልሆነም። ያኛው እሑድ የዋሸሁት ስለደነገጥኩ ነው ልል እችላለሁ። ይህንን ግን ሻይ ቀድቼ፣ ስኳር አቅርቤ፣ ተረጋግቼ ነው የዋሸሁት። እህቴ ካልረሳች እኔ ሌባ ነኝ፤ ስለዚህ እህቴ መርሳት ነበረባት። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ጸለዩልኝ። እሷን የማስታመም ጉልበት እንዲሰጠኝ።

ጋብቻው ይቆይ ተባለ። በኋላ ራሷ ተወችው። ስትነግራቸው ጓዳ ሆኜ ዕቃ አጥብ ነበር፤ በአማርኛ ነበር የተናገረችው፣ እንድሰማ ይሁን አይሁን አላውቅም።

«ቤቷን መስጠቷን የረሳች ሴት ባል ማግባቷንም ትረሳለች። ጠዋት ነቅቼ ‹እኚህ ሽማግሌ እዚህ ምን ይሠራሉ?› ብል ምን ሊሆኑ ነው?»

«ማቴዎስ እባላለሁ እልሻለሁ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«አይሆንም» አለች። «በሰው ላይ ሸክም ሆኜ አልገባም።»

የውኃውን ቧንቧ ከፈትኩት። ድምፁ እንዲሸፍነው። ጓዳውን ወጥቼ ሁለት ቃል ብናገር ኖሮ ሁለቱም በዚያ በረንዳ አብረው ባረጁ ነበር። ሁለት ቃል፤ እኔ ዋሽቻለሁ። ሳህኑን አለቅልቄ ደረደርኩት።

ከዚያ በኋላ የሆነው በዝግታ ነው የሆነው። የጸሎት ቤቱን ቁልፍ ሃያ ዓመት የያዘችው እሷ ነበረች፤ እሑድ ጠዋት ቀድማ የምትከፍተው እሷ ናት። «እንዳይጠፋብሽ ብለን ነው» ብለው በትህትና ወሰዱባት። ሰዎች ሲያናግሯት ድምፃቸውን ከፍ፣ ንግግራቸውን ዘርዘር ማድረግ ጀመሩ፤ ለሕፃን እንደሚደረገው። በዳነው ዓይኗ ወረቀት እየጻፈች ግድግዳ ላይ ትለጥፍ ጀመር። «ምድጃው ጠፍቷል።» «ማክሰኞ ቤቲ መጣች፣ ዳቦ አመጣች።» «የተከራይዋ ልጅ ስም ናርዶስ።» አንድም ቀን ስሙን ስትስት አልሰማሁም። ግን ወረቀቱን ሳታይ አትጠራውም ነበር።

የዚያ ቤት ካርታው ዞረባት እንጂ በሩ አልተዘጋባትም። ዘጠኝ ዓመት ኖረችበት። በእነዚያ ዓመታት እኔ ምን ስሠራ ነበር? ስጠብቃት ነበር። አውቃ ይሆን? እያልኩ እያንዳንዱን ቃሏን እመረምር ነበር። ለእንግዳ «እሷን ጠይቋት፣ የእኔ ትዝታ ያለው እሷ ጋ ነው» ስትል፣ ፊቷን አያለሁ። ቀልድ ነው? ክስ ነው? ዶሮ ሠርታ ስትጠራኝ ለምን ጠራችኝ እላለሁ። ሳትጠራኝ ስትቀር ነቅታብኛለች እላለሁ። ስትስመኝ አንገቴን አጥብቃ ከሳመችኝ እጠራጠራለሁ፤ ላላ አድርጋ ከሳመችኝም እጠራጠራለሁ። ሰውን ሁሉ ለቤት ሲል ይቀርባል ብዬ የጠረጠርኩ ሴት፣ ከቤቱ ሌላ ምንም ያልፈለገች እኔው ሆኜ፣ በእሷ ማዕድ እበላ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት በሳንባ ምች ሞተች። አልጋ ላይ በዋለችበት ሰሞን የጎረቤቱን ልጆች ሁሉ በየስማቸው እያነሳች ማን የት እንደደረሰ ጠየቀች። ያኔ ግድግዳው ላይ የምታየው ወረቀት አልነበረም።

ዘንድሮ እኔም ታመምኩ። ሐኪሙ ያለኝን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። አቶ ማቴዎስ ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። አንድ ቀን ጠዋት ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ልነግራቸው ነው የሄድኩት። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ወንበር አመጡልኝ። ነጠላዬን አስተካከልኩ፤ «አቶ ማቴዎስ፣ ስለ እትዬ አንድ ነገር...» ስል እጃቸውን አነሱ።

«አልማዝ፣ ተይው። አትንገሪኝ።»

«መናገር አለብኝ።»

«ከነገርሽኝ ይቅር ማለት ይኖርብኛል። ክርስቲያን ነኝ፣ እንቢ ማለት አልችልም። እኔ ደግሞ ገና አልደረስኩበትም።»

ከዚያ መሬት መሬት እያዩ እንዲህ አሉኝ።

«ያን ሰሞን ‹አልረሳሽም፣ እህትሽ እየዋሸች ነው› ብያታለሁ። ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ረስቼ ከሆነ ያጣሁት አእምሮዬን ነው። አልረሳሁ እንደሆነ ግን እህቴን አጥቻለሁ። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡልኝ› አለችኝ። እኔ አልመረጥኩላትም። እሷው መረጠች።»

ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«መርጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር። ከመረጠች በኋላ እውነት እየመሰላት ሄደ። ራሷን መፍራት ጀመረች። ይቅር ያላልኩሽ እሱን ነው። ቤቱንማ ሰጥታሽ ነበር፤ አፍ አውጥተሽ ብትጠይቂያት።»

ስመለስ ባጃጁ ውስጥ ምን ሳስብ እንደነበር ልንገራችሁ? አልቅሻለሁ ብትሉ ተሳስታችኋል። እውነት ብላ ይሆን? እያልኩ ነበር። ወይስ ሰውየው ሊበቀለኝ ፈጥሮ ነው? ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በሰባ አምስት ዓመቴ፣ ሌላ ሰው የነገረኝን ስሰማ መጀመሪያ የማደርገው አሁንም ይህንኑ ነው። ቤት እስክደርስ ቃል በቃል መረመርኩት። እህቴ እንጂ ሌላ ሰው ሊለው የማይችል ነገር ነው። እሱን አውቃለሁ።

እንግዲህ ይኸው። ድህነቴን ምክንያት አላደርግም፤ ከእኔ የባሰ ድሃ እህቱን አልዘረፈም። ሥራዬን ምክንያት አላደርግም፤ ያ ሁሉ ክስ ያስተማረኝ በደል ምን እንደሚመስል ነው፣ ሳላውቀው አልሠራሁትም። ለልጄ ብዬ ነው አልልም፤ ልጄን ሳታውቅ የሌባ ተቀባይ አደረግኳት። ይህን ጽሑፍ ከሁሉ በፊት የምታነበው ቤቲ ናት። ነገ እሰጣታለሁ። ቤቱን ምን እንደምታደርገው፣ እኔንም ምን እንደምታደርገኝ ራሷ ትወስናለች፤ አልመክራትም፣ አልለምናትም።

ይቅርታም አልጠይቃችሁም። የእናንተ አይደለም ልትሰጡኝ። የሚሰጠኝ ሰው የለም፤ አቶ ማቴዎስም ገና አልደረስኩበትም ብለውኛል፤ ልክ ናቸው። የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። ለማላውቃችሁ እጽፋለሁ ብልም፣ ይህን ከምታነቡት መካከል ዘነበችን የምታውቁ ትኖራላችሁ። ስሟ ሲነሳ «ደግ ሴት ነበረች፤ መጨረሻ ላይ ጃጀች እንጂ» እንደምትሉ እሰማለሁ። በቀብሯም ላይ ሲባል ሰምቼ አንገቴን ነቅንቄያለሁ። ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ በሕይወት አሉ፤ ለእነሱም ንገሩልኝ። እህቴ አልጃጀችም። ምድጃ ለኩሳ አልረሳችም፤ በእናታችን ስም ጠርታኝ አታውቅም፤ ቤቷን ለማንም አልሰጠችም። እስክትሞት ድረስ አእምሮዋ ሙሉ ነበር። አይደለም ብዬ የነገርኳችሁ እኔ ነኝ፤ ለእሷም የነገርኳት እኔ ነኝ። ከእናንተ ሁሉ ይልቅ ያመነችኝ እሷ ናት።